በዓሉ ለእናቲቱም ይድረሳት



የኅዳር ወር ተገባዶ ታኅሣሥ ሲጠባ በየቤቱ የሚነሣው ወግ አንድ ዓይነት ነው። ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይበቃል? ቅቤው ከወዲሁ ይገዛ ወይስ ይቆይ? ጠላው መቼ ይጠንሰስ? በግ ይገዛ ወይስ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ይገባ? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ በዓሉ ናቸው። በዓሉን ስለምታዘጋጀው ስለ እናቲቱ የሚነሣ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። እሷስ በዓሉን መቼ ታከብረዋለች? ቁጭ ብላ የምትበላው፣ ልጇን ታቅፋ የምትስቀው በየትኛው ሰዓት ነው? በዛሬው ጽሑፌ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ነገሩን ሩቅ ሳልሄድ ከራሴ ቤት ልጀምር። እኔ የደብረ ብርሃን ነዋሪ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የማወጋችሁ የመጀመሪያ ልጄ በተወለደችበት ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ስላከበርናቸው ገናና ጥምቀት ነው። ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበርሁ። ልጄ የተወለደችው በመስከረም መጀመሪያ ሲሆን በኅዳር ማብቂያ ላይ 80 ቀን ስለሞላት ክርስትና ተነሣች። ጊዜው ጾመ ነቢያት በመሆኑ ድግሱ የጾም ነበር። የጾም ድግስ ነው ተብሎ ግን ወጪ አይቀርም፤ ዘመድ ሊጠራ፣ ጠላ ሊጠመቅ፣ ዳቦ ሊደፋ ግድ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ሲገባ ኪሳችንም ጉልበቴም አብረው ሳስተው ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ደግ ነገር አግኝቻለሁ። አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ላይ የዋለው ልጄ ልትወለድ በተቃረበችበት ጊዜ ነበር። በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ በአዲሱ ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል፤ ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀንም እንደተጠበቀ ነው። ለአባትየውም 3 ቀን ከደመወዝ ጋር ተፈቅዶለታል። ይሁን እንጂ 90 ቀን ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። የእኔም በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት አለቀና ገና ሊከበር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስሁ። ልጄን ቀን ቀን የምትይዝልኝ የማታ ትምህርት የምትማረው ታናሽ እህቴ ነበረች።

ሦስት ሳምንት ሲቀረው

የበዓል ዝግጅት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም አንድ ጊዜ በተርታ ብንቆጥረው አይከፋም። ጠላ ለመጥመቅ እንስራው ይታጠናል፤ ጌሾው ይወቀጣል፤ ብቅሉ ይፈጫል፤ ይጠነሰሳል፤ ቂጣው ተጋግሮ፣ አሻሮው ተቆልቶ ይገባል፤ ይደፈደፋል፤ ውኃ ይሞላል። ቅቤው ይነጠራል። በርበሬው ቀደም ብሎ ተቀምሞ፣ ተፈጭቶ መገኘት አለበት። በዋዜማው ሽንኩርቱ ተልጦ ይከተፋል፤ ለአንድ ዶሮ እስከ ሦስት ኪሎ የሚፈልግ ቤት ብዙ ነው። ዶሮው ይገነጠላል፤ በ12 ብልት ተለይቶ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ቁሌቱ ብቻውን ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ዳቦው ይቦካል፤ ይደፋል። ቤቱ ይጸዳል፤ መጋረጃው ይታጠባል፤ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ይፈላል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሚታጠበው ሣህንና ብርጭቆ አለ።

ከፋብሪካ ስወጣ መሽቷል። ልጄን ካጠባሁ በኋላ ጓዳ እገባለሁ፤ ሌሊት ደግሞ ሁለትና ሦስት ጊዜ እነሣለሁ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ጡቴ መቀነሱን አስተዋልሁ። የጤና ባለሙያዋን ብጠይቅ እንዲህ አለችኝ፤ «ወተት የሚመጣው ሕፃኗ ደጋግማ ስትጠባ ነው። ቀን ሥራ ላይ ሆነሽም ማለብ አለብሽ። ከዚያ በተረፈ በቂ ምግብ፣ ብዙ ፈሳሽና ዕረፍት ያስፈልግሻል።» የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሺ አልሁ። ዕረፍቱን ግን ከየት ላምጣው?

በዚህ መካከል ከአንኮበር ስልክ ተደወለ። አማቴ ናቸው። «ልጄ፣ የልጅ ልጄን ዓይኗን ያየሁት በክርስትናዋ ዕለት ብቻ ነው። ለገና ይዘሽልኝ ነይ እንጂ» አሉኝ። ቃላቸው ልቤን ነካው። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ደጋ አቋርጦ የሚያልፍ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ለገና የሚሰጠው የአንድ ቀን ዕረፍት ነው። የአራት ወር ልጅ ይዞ በውርጩ ማልዶ ሄዶ፣ በዚያው ቀን መመለስ ለእሷም ለእኔም የሚሆን አልነበረም። ባለቤቴ በእናቱና በእኔ መካከል ተቸገረ። «እማዬ ትቀየማለች» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ፊቴን አይቶ ዝም ይላል።

ወረቀቱ

አንድ ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ ከእህቴ ደብተር አንድ ገጽ ቀደድንና ሁለታችንም ተቀመጥን። በግራ በኩል ሥራውን፣ በመካከል ቀኑን፣ በቀኝ በኩል የሚሠራውን ሰው ስም ጻፍን። የበዓሉን ሥራ ቆጥረን ስንጨርስ 19 ሆነ። የእኔ ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በግ መግዛትና በግ ማረድ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ካየኋቸው ወንዶች ሁሉ ርኅሩኅ ነው። ነገር ግን አብሮት ያደገውን ነገር ማንም ሰው አያየውም። በእናቱ ቤት ዶሮው ሁልጊዜ ደርሶ፣ ጠላው ሁልጊዜ ጠርቶ ነው የሚቀርበው። ያ ወረቀት ግን ዓይኑን ገለጠለት። ለረጅም ጊዜ አየውና «ይህን ሁሉ የምትሠሪው አንቺ ነሽ?» አለኝ። ጭቅጭቅ ሳይነሣ፣ ማንም ሳይከሰስ፣ ነገሩ በዚያች ወረቀት ተፈታ።

እንዲህ አደረግን። በመጀመሪያ ሊቀር የሚችለውን ለየን። ጠላው ለገና ይቅር፤ አማቴ ለጥምቀት ይጠምቃሉ፤ ያኔ እንጠጣለን። በጉም ይቅር፤ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ቅርጫ እንግባ። ቅርጫ ወጪን ከማቃለሉ በላይ የእርዱንም ሥራ ለሰፈሩ ሁሉ ያካፍላል። ቀጥሎ ሊገዛ የሚችለውን ለየን። ድፎ ዳቦውን ለትዳሯ ማሟያ ዳቦ ለምትደፋ ጎረቤታችን አዘዝን፤ እሷም ተጠቀመች፤ እኔም አንድ ሌሊት ተኛሁ። የቀረውን ደግሞ ተካፈልን። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ የባለቤቴ፣ ቤት ማጽዳትና ቄጤማ መጎዝጎዝ የእህቴ፣ ዶሮውን መሥራት የእኔ፣ ከምግብ በኋላ ዕቃ ማጠብ የሦስታችንም ሆነ። የአንኮበሩን ጉዞ ለጥምቀት አዛወርነውና ይህንኑ ለአማቴ የነገራቸው ልጃቸው ራሱ ነው። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለባል እናት «አንመጣም» የምትለው ምራቲቱ ከሆነች ቅያሜው ከእሷ ራስ አይወርድም። ልጅየው በራሱ አፍ ሲናገር ግን እናትም ትረዳለች። አማቴም «እንዲያማ ከሆነ ለጥምቀት እጠብቃችኋለሁ» አሉ።

ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ከእሱ በፊት ያለው ጳጉሜን 6 ቀን ስለሚሆን በየአራት ዓመቱ በዚህ ዘመን ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ ታኅሣሥ 28 ነው። ማክሰኞ ዕለት ነበር። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ዶሯችንን በላን። ስለ ሌላው ባልነግራችሁም አንዱን ልንገራችሁ፤ እኔም ወጡ ሳይቀዘቅዝ ተቀምጬ በላሁ።

ደጋና ቆላ በአንድ ገበታ

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ስለ ሰሜን ሸዋ ትንሽ ላውጋችሁ። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት የቆረቆሯት፣ በዘመናችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ የሚያምርበት ገብሱ፣ ስንዴውና ባቄላው ነው። የበዓላችን ገበታ ግን በደጋ ፍሬ ብቻ አይሞላም። ለእንጀራው የሚሆነው ጤፍ ከምንጃር ሸንኮራና ከመሰሉት ዝቅ ያሉ አገሮች ይመጣል። በጉ ከመንዝ ይመጣል፤ ጠጉሩም ተፈትሎና ተሠርቶ ከብርዱ የሚጋርደን ልብስ ይሆናል። ከአንኮበር ተራራ ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ አለች። በጥንት ዘመን ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚገበይባት፣ የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝባት ታላቅ ገበያ ነበረች።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ቤት የበዓል ገበታ የስንት አገርና የስንት ሰው ድካም የተዋጣበት እንደሆነ እዩልኝ። ደጋው ያለ ቆላው፣ አራሹ ያለ ነጋዴው በዓል አያደርግም። በብዙ እጅ ተዋጥቶ ከደጃፋችን የደረሰው በዓል ከደጃፉ ወደ ውስጥ ሲገባ የአንዲት ሴት ወገብ ላይ ብቻ የሚወድቀው ስለምን ነው?

ብርዱ፣ ከሰሉና ሕፃኗ

ወደ ጥምቀት ከመሄዳችን በፊት ሕፃን ላላችሁ እናቶች ጥቂት ነገር ላስታውስ። በተለይ በደጋ ለምትኖሩ ይጠቅማችኋል።

የመጀመሪያው የከሰል ነገር ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ፣ በዓልም ስለሆነ፣ የወጡን ወይም የቡናውን ከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ መተኛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ይህ ቤተሰብ የሚጨርስ ነገር ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። መልክም ሽታም የለውም። ሰውየው ራሱን ያዞረዋል፣ ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ከተኛ ደግሞ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። «ደጅ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ አይጎዳም» የሚለው አባባል እውነት አይደለም። ፍሙም ቢሆን ያንኑ መርዝ ያወጣል። ሙቀት ካስፈለገ ሕፃኗን ከእናቷ ገላ አስጠግቶ፣ ደራርቦ አልብሶ ማስተኛት ይበቃል። ከሰሉ ግን ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ራሱን ያዞረው ሰው ከተገኘ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ሁለተኛው የማድቤቱ ነገር ነው። ልጅ አዝሎ ወጥ ማማሰል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ጢሱ የሕፃኗን ሳንባ ይጎዳል፤ የሚፈናጠረው ዘይትም አደገኛ ነው። በበዓል ዋዜማ ከሁሉ በፊት ሰው ሊመደብለት የሚገባው ሥራ ሽንኩርቱ ሳይሆን ሕፃኗን መያዝ ነው። ለዚህ ደግሞ የአባትን ክንድ የሚያህል ነገር የለም።

ሦስተኛው የአፏ ነገር ነው። እስከ ስድስት ወር ድረስ ለሕፃን የእናት ጡት ብቻ እንደሚበቃ፣ ውኃ እንኳ እንደማያስፈልግ የጤና ሚኒስቴርም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተምራሉ። በበዓል ቤት ግን እንግዳው ሁሉ በፍቅር ተነሥቶ ሊያቀምሳት ይፈልጋል። አንዱ በጣቱ ወጥ፣ አንዷ ጠላ፣ ሌላዋ ለጋ ቅቤ ይዘው ይቀርባሉ። እነዚህን ዘመዶች ማስቀየም አያስፈልግም፤ መከልከሉ ግን ያስፈልጋል። እንዴት እንደሚቻል ከአንኮበር ያየሁትን አሁን እነግራችኋለሁ።

ጥምቀት በአንኮበር

በዚያ ዓመት ጥምቀት ሰኞ ዋለ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ስለሰፈረ የከተማው ወሬ ሁሉ እሱ ነበር። እኔ ከዓመት ዕረፍቴ ላይ ማክሰኞን ጠይቄ ተፈቀደልኝ። ቅዳሜ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ልጃችንን በጋቢ ጠቅልለን ተሳፈርን።

አንኮበር አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ዳግማዊ ምኒልክም የተቀመጡባት አምባ ናት። ከተራራው ላይ ቁልቁል ሲታይ የአፋር ቆላ እንደ ባሕር ተዘርግቶ ይታያል። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ስለሚበላው ግብር፣ ስለ ጮማውና ስለ ጠጁ ብዙ ተነግሯል። ስለ ፈጪዎቹ፣ ስለ ጋጋሪዎቹና ስለ ጠጅ ጣይዎቹ ሴቶች የተነገረው ግን ጥቂት ነው። ግብሩን የበሉት በታሪክ ይታወሳሉ፤ እንጀራውን የጋገሩት ግን አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ አልቀረም።

አማቴ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ልጅቷን ተቀብለው ስመው ስመው ሲበቃቸው ከጓዳ ለጋ ቅቤ በቁና ቅጠል ላይ አድርገው አመጡ። «ይቺን ላስልሳት፤ አንጀቷን ታለሰልስላታለች» አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔም እንዲህ አልኋቸው፤ «እማማ፣ የእሷ አንጀት የሚለሰልሰው በእኔ ጡት ነው። ቅቤውን ለእኔ ይቀቡኝ፤ በእኔ በኩል ይደርሳታል።» አማቴ ሣቁ። አጠገባቸው አስቀመጡኝና ጸጉሬን ፈትተው፣ ያን ለጋ ቅቤ እስኪቀልጥ ድረስ አናቴን እያሹ ቀቡኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አናቴን በቅቤ ያሸኝ ሰው አልነበረም። ልጄም ጡቷን ጠብታ ተኛች። ለሁላችሁም የምመክረው ይህንን ነው፤ ለሕፃኑ የመጣውን ፍቅር አትመልሱት፤ ወደ እናቲቱ አዙሩት።

እሑድ ከተራ ነው። ቀኑ ጋድ ስለሆነ የሚበላው የጾም ሲሆን ለማግስቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሊወርዱ ሲሉ ከበሮው ተሰማ። አማቴ ከምድጃው ቀና ሳይሉ እልል አሉ። «እማማ፣ አይወጡም እንዴ?» ብላቸው እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ እኔ ታቦት መውረዱን የማውቀው በከበሮው ነው። ሲቀርብ ከማድቤት ሆኜ እልል እላለሁ። ሲርቅ ወደ ምጣዴ እመለሳለሁ። እዚህ ቤት ከገባሁ 41 ዓመቴ ነው፤ በጥምቀት ጠዋት ጠበሉ ሲረጭ አጠገቡ ቆሜ አላውቅም። እንግዳ የማያጣው ቤት ነዋ!»

አልተማረሩም። ስለ ዝናም እንደሚያወጋ ሰው ነው በእርጋታ የተናገሩት። ባለቤቴ ግን ሽንኩርት ሊልጥ ከተቀመጠበት እጁን አቆመ። የእናቱን ወጥ 30 ዓመት ሲበላ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ «እማዬ፣ ነገ አንቺ ትሄጃለሽ» አላት። አማቴ «ምን ሲደረግ! ወጡስ?» አሉ። «ወጡ ዛሬ ማታ ይደርሳል። ነገ የማሞቀውና እንጀራ የማቀርበው እኔ ነኝ» አለ። ታናሽ ወንድሙም ውኃ መቅዳቱንና እንግዳ መቀበሉን ተረከበ።

በዚህ መካከል እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት ባለቤቴን አየችና «ኧረ በአንኮበር ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲልጥ ታየ!» ብላ አፏን ያዘች። አማቴ ቀና አሉና «እቱ፣ ሽንኩርት እንደሆነ ሲያስለቅስ ወንድና ሴት አይለይም» አሏት። እሷም ሣቀች፤ እኛም ሣቅን። በዚያች ቃል ልጃቸውንም እኔንም ከሰው አፍ ጠበቁን። እናንተ አማቶች ሆይ፣ የምራታችሁ ዕረፍት በእናንተ አንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ብዙ ነውና ያቺን ቃል አትንፈጉን።

ሰኞ ጠዋት አማቴ በሳጥን የከረመውን የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለበሱ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ቀሚሱ ግን ለጥምቀት ወጥቶ አያውቅም ነበር። እኔ ልጄን በአንቀልባ አዝዬ፣ በላይዋ ጋቢ ደርቤ፣ ፀሐይዋ ወጣ ስትል አብረን ወረድን። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ወጣቱ ሲጨፍር፣ ጠበሉ ሲረጭ አማቴ ከፊት ቆሙ። ጠበሉ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም እጃቸውን ወደ ኋላዬ ሰደው የልጄን ግንባር በእርጥብ ጣታቸው ነኩት። «ይቺ እንኳ በአራት ወሯ ደረሰችበት» አሉ።

ቤት ስንመለስ ወጡ ሞቆ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ እንግዳው ተቀምጦ ነበር። ወጡ ትንሽ ከሥር እንደያዘ አልደብቃችሁም። ማንም ግን ምንም አላለም። አማቴ ከእንግዳ እኩል ተቀምጠው በሉ። በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ስለነበር የሚካኤል ታቦት ሲመለስም ሳንጠራቸው ቀድመውን ወጡ።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ያወጋኋችሁ የእኛ ቤት ከሌላው ቤት ስለሚሻል አይደለም። በእናንተም ቤት ሊሆን የሚችል ቀላል ነገር ስለሆነ ነው። በመሆኑም እንዲህ እላለሁ።

በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሥራውን ሁሉ በወረቀት ጻፉት። በቃል የተነገረ ድካም ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይታያል። ቀጥሎ ሊቀር የሚችለውን፣ ሊገዛ ወይም በቅርጫ ሊሆን የሚችለውን፣ ሊካፈሉት የሚገባውን ለዩ። የቀረው የምግብ ዓይነት አይቆጫችሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገበታው ላይ ስንት ዓይነት ወጥ እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ እናቱ እንደሣቀች የሚያስታውስ ልጅ ግን አለ። ለበዓል ብላችሁ አትበደሩ። አቅም ካላችሁ ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ጥቂት የሚጣልበት የበዓል ዕቁብ ግቡ። ቅቤና ሽንኩርቱንም የበዓሉ ሳምንት ገበያውን ሳያንረው ቀደም ብላችሁ ሸምቱ።

ጡት የምታጠቡ ሠራተኞች ደግሞ በአዋጁ የተፈቀደላችሁን ፈቃድ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የሕግ መብት እንጂ ችሮታ አይደለም። የበዓልን ቀን መሥራት ግዴታ ቢሆንባችሁ እንኳ ለዚያ ቀን የሚከፈለው ከተራው ቀን የበለጠ እንደሆነ አስታውሱ።

ባሎች ሆይ፣ በግ መግዛትና ማረድ መልካም ነው። ግን ከ19ኙ ሁለቱ ብቻ ነው። ከዚህ ዓመት በዓል አንድ ሦስተኛ ሥራ ጨምሩና ሚስታችሁ ስትስቅ እዩ።

ሁለተኛ ልጃችን ወንድ ነው። አሁን ለበዓል ዋዜማ ነጭ ሽንኩርት የሚፈለፍለው እሱ ነው፤ ግማሹን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ ግን ይፈለፍላል። ነገ የሌላ ሰው ልጅ ሲያገባ እንጀራው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ባል ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የዘንድሮው በዓል የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ። ለእንግዳው፣ ለልጆቹ፣ ለአባወራው እንደሚደርስ ሁሉ ለእናቲቱም ይድረሳት።